የመሥሪያ ቤት ባህል እንዴት ይለወጣል? ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። ሥራዬ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው። ፋብሪካም ቢሮም ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ድርጅቶች «ለውጥ እናምጣ» ሲሉ ከሚጠሯቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ኃላፊ ነኝ። የካይዘን ሥልጠና ወሰድን፣ ቡድን አቋቋምን፣ ግድግዳው ፖስተር በፖስተር ሆነ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ችግሩ ሠራተኛው ነው ወይስ እኛ?

እናንተ ናችሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የማሻሻል ዘዴ፣ አገራችን የገባው በጃፓን ድጋፍ ነው። የሙከራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አብዛኛው ድርጅት የሚነሳው ከአምስቱ «ማ»ዎች ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቶሎ ይታያሉ። ቆሻሻው ይወጣል፣ ዕቃው ቦታ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እንግዳ ይጎበኛል። ማዝለቅ ላይ ሲደረስ ግን የሚፈተነው አለቃው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ አንድ የመኪና ፋብሪካ ነበረው። ሰው ከሥራ ይቀራል፣ ሥራ ላይ ይጠጣል፣ ከአለቆች ጋር የማያባራ ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና «ኑሚ» በሚል ስም ተከፈተ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ሠራተኛ ያው የድሮው ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው። በመቶዎች የሚቆጠሩት ጃፓን ሄደው ሠለጠኑ። ብዙም ሳይቆይ ጥራቱ ከጃፓኖቹ ፋብሪካ ጋር የሚቀራረብ ሆነ፤ የሚቀረውም ሰው በጣም ቀነሰ።

ምን ተለወጠ? በማምረቻው መስመር ላይ ገመድ አለ። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይስበዋል፤ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በድሮው ቤት መስመር ማስቆም ጉድ የሚያፈላ ነገር ነበር። በአዲሱ ግን የሳበው ሰው አይሰደብም፤ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣና ይረዳዋል። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ሊወስድ ሞክሮ ብዙ ተቸገረ። ቫን ናይስ የሚባለው ፋብሪካው ላይ አልያዘለትም፤ በ1992 ተዘጋ። ገመድ መስቀል ቀላል ነው። ገመዱ ሲሳብ አለመቆጣት ነው ከባዱ።

እና ፖስተሩን ተወውና ይህን አስብ። ባለፈው «ይቺ ማሽን ልትቆም ነው» ብሎ የነገረህ ሠራተኛ ምን ገጠመው? ተመሰገነ፣ ተገሠጸ፣ ወይስ «እሺ እናያለን» ተብሎ ቀረ? ሠራተኛው ትምህርቱን የወሰደው ከዚያ ነው፤ ከሥልጠናው አይደለም።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ «ሐሳብ ስጡ» ስል ሁሉም ዝም። ወጥተው ቡና ላይ ሲቀመጡ ግን ወሬው ይደራል። ምን ላድርግ? (የመምሪያ ኃላፊ)

እርስዎ የመጨረሻው ተናጋሪ ይሁኑ። አለቃ ሐሳቡን አስቀድሞ ከተናገረ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ሁሉ ከአንገት በላይ ነው። ሰው ይሉኝታ አለበት፣ እንጀራውም እርስዎ እጅ ነው። አጀንዳውን ከአንድ ቀን በፊት ይላኩ፣ በሦስት በሦስት ሰው ተወያይተው የቡድኑን ሐሳብ አንድ ሰው እንዲያቀርብ ያድርጉ። «ቡድናችን እንዲህ ብሏል» ማለት «እኔ እንዲህ እላለሁ» ከማለት ይቀላል። ከዚያ ከተነሳው ውስጥ አንዷን ትንሽ ነገር፣ የተበላሸ የሽንት ቤት በርም ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት አሠርተው ያሳዩ። ቡና ላይ የሚወራውን ለማወቅ ጆሮ ጠቢ እንዳያሰማሩ ብቻ። ያ ከታወቀ ቡና ላይም ዝም ይባላል።

ጥያቄ፦ ነባሮቹ ሠራተኞች አዲስ ነገር ሲባል ይስቃሉ። በእነሱ ምክንያት ምንም አይንቀሳቀስም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ያልከኝ። እስቲ በእነሱ ቦታ ሁን። ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥሩ መለወጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) መጣ፣ አንድ ለአምስት (አንድ ሰው አምስት ሰው የሚመራበት አደረጃጀት) መጣ፣ የለውጥ ሠራዊት መጣ። ሁሉም ሲመጣ «ይኼኛው ልዩ ነው» ተብሏል። ጥቅም አልነበራቸውም አልልም፤ በቢፒአር ጊዜ ብዙ ቦታ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ቀንሶ በአንድ መስኮት መስተናገድ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ሥራው ቀረና ቅጽ መሙላቱ ዋና ሥራ ሆነ። የእነሱ ሳቅ ልምድ ነው። ጥራቸውና «ያለፈው የት ላይ ነው የተበላሸው?» ብለህ ጠይቃቸው። እንዲያውም አዲስ ከመጨመርህ በፊት ማንም የማያነበው አንድ ሪፖርት ሰርዝላቸው። ያኔ ያዳምጡሃል።

ጥያቄ፦ በ28 ዓመቴ ቡድን መሪ ሆንኩ። በሥሬ እናቴን የሚያክሉ ሰዎች አሉ። ሳዝዛቸው ያፍራሉ፣ እኔም አፍራለሁ።

«እትዬ» እና «ጋሼ» ማለትሽን አትተዪ። አክብሮት ሥልጣንሽን አይቀንሰውም። የሚበላሸው ከማክበርሽ የተነሳ ስህተታቸውን ስታልፊው ነው፤ ወጣቶቹ ወዲያው ያዩታል፣ አድልዎ ነው ይላሉ። ስህተት ሲኖር ለብቻቸው፣ ቁጭ ብለሽ፣ በግልጽ ንገሪያቸው። ሰው ፊት በፍጹም። ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ እነሱ እንዲያሠለጥኑት አድርጊ፤ የሚገባቸው ቦታ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃችን ማታ አራት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሥራ ያዛል። ካልመለስን ጠዋት ፊቱ ይጠቁራል።

የግል ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ክፍያም አለው። ብቻችሁን አትጋፈጡት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ «አስቸኳይ ከሆነ ይደወልልን፣ ካልሆነ ጠዋት እናየዋለን» በሉት። ብዙ አለቃ የሚጽፈው እንዳይረሳው ብሎ ነው፤ መልስ እንደማይጠብቅ እንኳ አልነገራችሁም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኔ አለቃ ወሬው አይደለም የሚያስፈራው፣ እጁን አያስቀምጥም። ይህም «ባህል» ነው?

አይደለም፣ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ወሲባዊ ትንኮሳ ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከፈጸመው ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ ሥራ የመልቀቅ መብት አለሽ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ጻፊ፤ መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ከመልቀቅሽ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ አማክሪ። «ስልጠና እንስጠው» ቢሉሽ አትስሚ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛውን ቢሾፍቱ ወስዶ ማዝናናት ይጠቅማል?

ዓሣው ጥሩ ነው። ሰው ይተዋወቃል፣ ይስቃል፣ መጥፎ ነገር የለውም። ደመወዝ በሰዓቱ ለማይከፍል ድርጅት ግን አውቶቡሱ ላይ የሚወራው ስለ ኪራዩ ዋጋ ነው። ከሄዳችሁ ደግሞ በሥራ ቀን አድርጉት፤ የሰውን እሑድ አትንኩ።