ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቶንሲል ይመላለስበታል፤ ዘንድሮ እንኳ አራት ጊዜ ታሟል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ስወስደው ሐኪሙ ጉሮሮውን አየና "ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?" አለኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ፤ ተናደድኩም። መድኃኒት ፈልጌ ብሄድ ስለ ቤቴ ምን አገባው? ጎረቤቶቼ ደግሞ አስቧጥጪው ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከኮልፌ)

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ተከራይቶ የኖረ ሰው "ስንት ናችሁ?" የምትለዋን ጥያቄ ከአከራይና ከደላላ ሰምቶ ጠግቧል፤ ሐኪም ሲደግማት ታማለች። ግን የዚያን ቀን ከተጠየቅሽው ሁሉ ዋናዋ እሷ ነበረች።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ይሄ ባክቴሪያ በሳልና በትንፋሽ ፍንጣቂ ነው የሚተላለፈው። ሩቅ አይሄድም፣ ቅርብ ሰው ይፈልጋል። ሦስት ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ ፊት ለፊት ተቃቅፈው ሲያድሩ፣ መስኮቱም ብርድ ይገባል ተብሎ ሲዘጋ፣ አንዱ ሲድን ሌላውን ይይዘዋል፤ ያ ደግሞ ለወንድሙ መልሶ ያቀብለዋል። ስለዚህ ልጄ ምን ነካው ብለሽ ብቻ አትጨነቂ።

የሚያስፈራው ጉሮሮው አይደለም። ሰውነት ያንን ባክቴሪያ ሲዋጋ አንዳንዴ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይሄ ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ሲደጋገም የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት የልብ በር) ይበላሻል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች የብዙዎቹ ታሪክ እንዲህ ካለ ተራ የጉሮሮ ሕመም ነው የሚጀምረው።

አውሮፓና አሜሪካም ይሄ በሽታ የድሃ ሰፈር ልጆችን ይጨርስ ነበር። የሚገርመው፣ መቀነስ የጀመረው ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ከመምጣቱ በፊት ነው። ቤት ሲሰፋ፣ ኑሮ ሲሻሻል ማለት ነው። ኒውዚላንድ ሀብታም አገር ናት፤ ግን በጠባብና ብርዳም ቤት የሚኖሩ የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) እና የፓሲፊክ ደሴት ልጆች ዛሬም ይታመሙበታል። መንግሥት ምን አደረገ መሰለሽ? ለእነዚህ ቤተሰቦች አልጋና አንሶላ፣ መጋረጃና ማሞቂያ የሚያቀርብ ፕሮግራም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀመረ። አልጋ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ለአንቺ አልጋ የሚያዝልሽ ሐኪም የለም፤ ይሄ ደግሞ የእሱም ጥፋት አይደለም፣ ያንቺም አይደለም።

ባለሽ ክፍል ግን አንዳንድ ነገር ይቻላል። ልጆቹን እግርና ራስ አድርገሽ አስተኚያቸው፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ አይገጣጠሙ። የታመመውን ከቻልሽ ዳር አስተኚው። ቀን ቀን በርና መስኮቱን ክፈቺ። አንድ ጣሳ ለሁሉም የሚዞርበትን ልማድ ለጊዜው ተዉት።

ማስቧጠጥ የሚሉሽን ግን አትስሚ። ያደማል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል፣ ባክቴሪያውንም አያጠፋም። ይልቅ ሳል ሳይኖረው ካተኮሰው፣ አንገቱ ሥር ካበጠ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ ቶሎ ውሰጂው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። ክኒን ከታዘዘ እስከ 10ኛው ቀን ይጨርሰው። በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ኳስ ሜዳ ሲሮጥ ብታዪውም ይጨርስ! ለነገ ብሎ ማስቀመጥ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ ፔኒሲሊንም አለ፤ ሐኪሙን ጠይቂው።

ጉልበቱን አሞት ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ፣ ወይም ሲጫወት ቶሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንድ ቀን አትደሪ። እናትሽ "እድገት ነው" ቢሉሽም ሂጂ።

ሌሎቹ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ካመማቸው አብረሽ ውሰጃቸው። ሐኪሙም ደግሞ ከጠየቀሽ፣ ሳታፍሪ "ስድስት ነን" በዪው።