የኢንተርኔት መስመር የዘፈን ድምፅ ያበላሻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ቤቴ ኢንተርኔት አስገብቻለሁ፣ ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር፣ በጃክ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝቼ በስፖቲፋይ ሙዚቃ እሰማለሁ። ጠዋት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ማታ ማታ ግን ማሲንቆው ይደፈናል፣ ጭብጨባው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው «ችግሩ የኔትወርክ ኬብሉ ነው፣ ይህን ወፍራሙን ግዛ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የግማሽ ወር ደሞዜን ይበላል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርብህ። ማታ ድምፁ ይለወጣል ያልከው ግን እውነት ነው፤ ጆሮህ አልተሳሳተም። ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም እንጂ።

ዘፈኑ ከሰርቨር፣ ማለት ከተቀመጠበት ከስፖቲፋይ ኮምፒውተር፣ ሲነሳ በትንንሽ እሽግ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ ፓኬት ይሉታል። እንደ ጤፍ አስበው። ከቡሬ ወደ ባህር ዳር 100 ጆንያ ጤፍ ተጫነ እንበል፣ እያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር አለው፣ ክብደቱም ተጽፎበታል። ተረካቢው ባህር ዳር ላይ ይቆጥራል፣ ይመዝናል፤ 37ኛው ጆንያ ከጎደለ ወይም ተቀዶ ከመጣ «መልሳችሁ ላኩ» ይላል፣ እንደገና ይላካል። መንገዱ ኮረኮንች ቢሆን መኪናው ይዘገያል እንጂ ጤፉ ገብስ ሆኖ አይደርስም።

ደግሞ ላፕቶፕህ የመጣለትን ወዲያው አይጫወተውም። መጀመሪያ ጎተራ ውስጥ ይከተዋል፣ ባፈር የሚሉት እሱን ነው። አንተ የምትሰማው ከጎተራው እየተሰፈረ ነው። መኪናው ዘግይቶ ጎተራው ባዶ ከሆነ ዘፈኑ ቀጥ ይላል። ስለዚህ መስመር ብቻውን ሲደክም የሚታየው መቆምና መቆራረጥ ነው። «ባሱ ሳሳ፣ ዘፋኙ ራቀ» የሚባለው በዚህ መንገድ አይመጣም።

ታዲያ ማሲንቆው ለምን ይደፈናል? ስፖቲፋይ ዘፈኑን በተለያየ መጠን ጨምቆ ስላስቀመጠው ነው። ዝቅተኛው በሰከንድ 24 ኪሎቢት ገደማ ነው፣ መደበኛው 96፣ ከፍተኛው 160፣ «በጣም ከፍተኛ» የሚሉት ደግሞ 320 ሲሆን ይህ ለሚከፍሉ ብቻ ነው። ሴቲንጉ «አውቶማቲክ» ላይ ከሆነ መስመሩ ሲጨናነቅ ሳይነግርህ ወደ ትንሹ ይወርዳል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቃል። ጠዋት የሰማኸውና ማታ የሰማኸው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፋይሉ አንድ ላይሆን ይችላል።

የጠቀስካቸው ሁለት ነገሮችም ይህን ያሳያሉ፣ ጥያቄህን የወደድኩት ለዚህ ነው። ዘፈን ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የታሰበው ነው፣ በተለይም ቀጫጭኑና ከፍ ያለው ድምፅ። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት፣ የምትታሸውም በፈረስ ጭራ ነው፤ ያ የመፋተግ ድምፅ፣ ያ ትንሽ ሻካራነቷ፣ ያለው እዚያው ላይኛው ክፍል ነው። እሱ ሲቆረጥ ዜማው ይቀራል፣ ወዙ ይሄዳል። ጭብጨባ ደግሞ አጀማመሩ እንደ ምላጭ ስለታም ነው። ብዙ የተጨመቀ ፋይል ያንን ስለት መያዝ ያቅተዋል፣ ድምፁን ወደፊትም ወደኋላም ያፈሰዋል፣ «ጧ» ማለት ሲገባው «ሽሽ» ይላል። ዘመናዊ ባንድ ላይ ይህ ቶሎ አይታወቅም። የጎጃም እስክስታ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል።

እንግዲህ ሴቲንግ ግባ፣ «ኦዲዮ ኳሊቲ» የሚለውን ፈልግ፣ የምትከፍል ከሆነ 320 ላይ አድርገው፣ ካልሆነ 160 ላይ። ከዚያ «ኦቶ አጀስት ኳሊቲ» የሚለውን አጥፋው፤ እሱ ካልጠፋ መልሶ ያወርድብሃል። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በ96 አንድ ሰዓት ብትሰማ 43 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፣ በ320 ደግሞ 144። መስመሩ ማታ ካልቻለው፣ የምትከፍል ከሆነ ጠዋት ዳውንሎድ አድርገህ ማታ ኦፍላይን ስማ። ኔትወርክ ጭራሽ በሚጠፋበት ቀንም ይጠቅምሃል።

ኬብሉን በተመለከተ፣ ካት 5ኢ የሚባለው ተራው ኬብል በሰከንድ 1 ጊጋቢት ይሸከማል። ይህ የ320 ዘፈን ከ3,000 ጊዜ በላይ ነው። እስከ 100 ሜትርም ይሄዳል። ወፍራሙ ምን ይጨምርልሃል? ምንም።

ካላመንከኝ እንዲህ ሞክር። የምታውቀውን አንድ ዘፈን በከፍተኛው ጥራት ዳውንሎድ አድርግ፣ ኬብሉን ንቀል፣ ዋይፋዩንም አጥፋ፣ ስማው። ከዚያ ዳውንሎድ ያደረግከውን አጥፍተህ በዚያው ጥራት ከመስመር ላይ ስማው። ቮልዩሙን እንዳትነካ፣ ትንሽ የጮኸ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ባለቤትህ ወይም ወንድምህ እየቀያየረልህ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ የትኛው የቱ እንደሆነ ተናገር። እኔ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ከልጄ ጋር 10 ጊዜ ሞክሬ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልተውልህ። ዘፈን ሳይከፈት ስፒከሩ «ህምምም» የሚል ከሆነ፣ የኔትወርክ ኬብሉን ስትነቅለው ደግሞ ዝም የሚል ከሆነ፣ ያ የመብራት ጉዳይ ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፣ የምትሰማው እሱን ነው። ብረት ሽፋን ያለው ኬብል ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል፣ ስለዚህ ሽፋን የሌለውን ተራውን ተጠቀም። ይኸውልህ፣ እዚህ ላይ ርካሹ ይሻላል። ካልጠፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ የመሬት ገመዱን አሳየው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነኝ። ስልኬን ከስፒከር ጋር በብሉቱዝ ሳገናኝ ይቆራረጣል። የስልኩን ዋይፋይ ሳጠፋው ይስተካከላል። ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ብሉቱዝና ብዙው ዋይፋይ የሚሠሩት በአንድ ሞገድ ላይ ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ስለዚህ ይጋፋሉ። ራውተርሽ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ስልክሽን ወደ እሱ አዙሪው። ግን እሱ ግድግዳ ማለፍ ብዙ አይችልም፣ ቆርቆሮ ከሆነማ ጭራሽ፣ ስለዚህ ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁኚ። ራውተርሽ ያ ከሌለው ከስፒከሩ አርቀሽ አስቀምጪው፣ ስልኩን ግን ከስፒከሩ አታርቂው። ስፒከርሽ የጃክ ቀዳዳ ካለው ደግሞ በገመድ ሰክተሽ ብሉቱዙን ተዪው።