ሳይኮሎጂ ማስተርስ የት ልማር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሶሺዮሎጂ ነው፤ ለሳይኮሎጂ ማስተርስ ይቀበሉኛል?

የሚቀበል አለ፣ የማይቀበልም አለ። የመግቢያ ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ እሱን አንብብ።

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ካውንስለር፣ ማለትም የሥነ ልቦና አማካሪ፣ መሆን ይፈልጋል። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና አንድ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ ተቀብለውታል። "የትኛው ስም አለው?" ይላል።

ወንድሜ፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ክፍያውና ስለ ታክሲው ሁሉ ጽፈህልኛል። ስለ ፕራክቲከም፣ በሱፐርቫይዘር ሥር ስለሚደረገው የተግባር ልምምድ፣ ግን አንድ መስመር የለም! እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ካውንስሊንግ ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ሰው ፊት ተቀምጠህ፣ ዝም ሲልህ የምትለው ጠፍቶህ፣ ከዚያ ሱፐርቫይዘርህ ጋ ገብተህ "እዚህ ጋ ለምን ቸኮልክ?" ተብለህ ነው የምትማረው። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ሂድና በግልጽ ጠይቅ። ተማሪ ለልምምድ የሚወጣው የት ነው? ስንት ሰዓት? ሱፐርቫይዘሩ ማነው፣ በሳምንት ስንቴ ያገኘዋል? "ቦታውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ" ካሉህ ተወው። አምና የተመረቀ ሰውም ፈልገህ አነጋግር፤ ስንት ክላይንት (ምክር ፈላጊ) አይቶ እንደወጣ ይነግርሃል።

የፕሮግራሙን ስምም ልብ በል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤት ካውንስሊንግም ሶሻልም ዴቨሎፕመንታልም ያስተምራል፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂው ደግሞ ጥቁር አንበሳ በኩል፣ በሳይካትሪ ክፍል ሥር ነው። ሶሻል ሳይኮሎጂ ለምርምርና ለድርጅት ሥራ ይጠቅማል፤ ሰው ለማማከር ግን አያዘጋጅህም።

የግሉን ከመረጥክ፣ ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ መሆኑን እወቅ። ኮሌጁ አንድ ካምፓስ ላይ ተፈቅዶለት ሌላው ላይ ላይፈቀድለት ይችላል። ብር ከመክፈልህ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ አጣራ። ለፍተው ተምረው ዲግሪያቸው ሳይረጋገጥላቸው የቀሩ ሰዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝናሉ።

ቨርጂኒያ የምትኖር እህት በነርስ ረዳትነት ትሠራለች። ርካሽ የኦንላይን ጄኔራል ሳይኮሎጂ ማስተርስ አግኝታለች፣ 36 ክሬዲት። "ጨርሼ የሀገሬን ሰዎች ማማከር እችላለሁ?"

በዚያ ብቻ ፈቃድ አታገኚም። ቨርጂኒያ ለካውንስለር ፈቃድ፣ ኤልፒሲ ለሚሉት፣ 60 ክሬዲት ይጠይቃል። ከምረቃ በኋላ ደግሞ በሱፐርቪዥን ሥር 3,400 ሰዓት መሥራት አለ። ኦንላይን መሆኑ አይደለም ችግሩ። "ክሊኒካል ሜንታል ኸልዝ ካውንስሊንግ" የሚባለውን፣ ካክሬፕ (ለካውንስሊንግ ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ተቋም) ዕውቅና የሰጠውን ፈልጊ፤ እሱ ውስጥ ፕራክቲከሙም ኢንተርንሺፑም አለ። ይረዝማል፣ ይወደዳልም። ግን ስለ ትዳሯ ለማውራት የገዛ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ካውንስለር ጋ የምትገባ እናት እንዳለች አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም፤ ስለዚህ በርቺ። ለቀረው የስቴቱን የካውንስሊንግ ቦርድ ጠይቂ።

"ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ሳይኮሎጂ ብማር ራሴን የምረዳ ይመስለኛል። የት ልግባ?"

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የት እንደምትገቢ ግን አሁን አልነግርሽም። ትምህርቱ ሕክምና አይደለም። ክፍል ውስጥ ስለ ሐዘንና ስለ ድባቴ ሲወራ ቁስልሽ ይነካል፤ አስተማሪው ደግሞ ኮርሱን ጨርሶ ይሄዳል እንጂ አያክምሽም። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሂጂ፤ ክፍለ ሀገር ከሆንሽ አቅራቢያሽ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ብለሽ ጠይቂ። በዚህ ሳምንት ይሁን፤ ለከርሞ አታሳድሪው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣብሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ብቻሽንም አትሁኚ። እንቅልፍሽ ሲመለስ ጻፊልኝ፤ ያኔ ትምህርት ቤቱን አብረን እንመርጣለን።

በሳይኮሎጂ ማስተርስ መድኃኒት ማዘዝ ይቻላል?

እኛ ሀገር አይቻልም። መድኃኒት የሚያዝ ሳይካትሪስት ለመሆን መጀመሪያ ሐኪም መሆን አለብህ።