ያልወደቀ ሰው «ወደቀ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነኝ። የአሜሪካ መጦሪያዎች የሚጠቀሙበትን የመመዝገቢያ ቅጽ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። አንድ አባት ከአልጋ ሲነሡ ተንገዳገዱ፤ ባልደረባዬ ብብታቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው። በቅጹ መመሪያ ይህም «መውደቅ» ነው። ያልወደቀን ሰው ወደቀ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

መልስ፦ እጅዎ አማርኛ ያውቃል። በቋንቋችን የተያዘ ሰው «ሊወድቅ ነበር» እንጂ «ወደቀ» አይባልም። በአሜሪካ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚደጎሙ መጦሪያዎች የነዋሪዎቻቸውን ሁኔታ በአንድ ወጥ ቅጽ እንዲመዘግቡ ያዛል። የቅጹ መመሪያም ሰው ደርሶ ባይዘው ወይም ራሱ አንድ ነገር ባይጨብጥ ኖሮ ይወድቅ የነበረውን ሁሉ ከወደቀ ይቆጥረዋል። አያስደንቅም፤ ዛሬ የተያዙት አባት ነገ የሚይዛቸው ላያገኙ ይችላሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፦ አዞራቸው? ጉልበታቸው ከዳቸው? ምንጣፍ ጠለፋቸው?

ስለዚህ በቅጹ ላይ «መውደቅ (በመመሪያው ብያኔ)» ይበሉ። በማስታወሻዎ ደግሞ የሆነውን ይጻፉ፦ «ከአልጋ ሲነሡ ተንገዳገዱ፤ ተደግፈው አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ወለል አልነኩም።» «ብያኔ» ያልሁት በምክንያት ነው። በየነ ማለት ፈረደ ነውና መመሪያው በቃሉ ላይ ይፈርዳል፤ የሆነውን ነገር አይለውጥም።

እኔን ይልቅ የሚያሰጋኝ ቤተሰብ የሚነግራችሁ ነው። ልጃቸው ከቢቸና መጥታ «አባባ ከፋሲካ ወዲህ ወድቀዋል» ብትል፣ አልጋ ይዘዋል ማለቷ ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው «በፋሲካ ሰሞን ወደቁ» ብሎ ከጻፈ፣ ሐኪሙ ያልተሰበረ አጥንት ሲፈልግ ይውላል። ለቅኔ ዘራፊ ሲሳይ የሆነው ይህ ቃል ለመዝገብ ያዥ መከራ ነው። «መሬት ወድቀው ነው ወይስ አልጋ ይዘው?» ብለው ይጠይቋት።

«የመውደቅ አደጋ» የሚለውም ያለ ግሥ አይጻፍ። «አለባቸው» ሲከተለው ስጋት ነው፤ «ደረሰባቸው» ሲከተለው የሆነ ነገር ነው። ባዶ ርእስ ሆኖ በሠንጠረዥ ከተቀመጠ ግን አንዷ ነርስ ለስጋቱ፣ ሌላዋ ለደረሰው ምልክት ታደርግበታለች። «ውድቀት»ን ደግሞ ለመንግሥታት ይተዉላቸው።