ቢላዋ በቺንጋ ማሽን ሲሳል፦ ማሽኑንና የብርጭቆ ወረቀቱን ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ አነስተኛ ሥጋ ቤት አለኝ። ለቁርጥ የሚቀርቡትን ጨምሮ 30 ያህል ቢላዋዎችን በየሳምንቱ አስላለሁ። እስካሁን የማስለው በሞተር በሚዞር ደረቅ ድንጋይ ለሚሠራ ሰው እየሰጠሁ ነው፤ ነገር ግን ቢላዋዎቼ ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ከመሄዳቸውም በላይ አንዳንዶቹ ተስለው በመጡ ማግስት ይደነዝዛሉ። አንድ ወዳጄ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ቺንጋ የሚዞርበት፣ እንጨት ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ማሽን ገዝቼ ራሴ እንድስል መክሮኛል። ምን ዓይነት ማሽን ልግዛ? የወረቀቱስ ቁጥር ስንት ይሁን? ገበያ ላይ ቡናማ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ወረቀት አይቻለሁ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ቢላዋዎችዎ በማግስቱ የሚደነዝዙበትን ምክንያት ቢረዱ መልካም ነው፤ ይህ ካልታወቀ ያው ጉዳት በአዲሱም ማሽን ይደገማል። የቢላዋ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ በፍጥነት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ተሰባሪ እንዳይሆን ደግሞ በአብዛኛው ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንደገና እንዲሞቅ ሲደረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ይህን ሙቀት የሚያልፍ ግለት ሲነካው ብረቱ ይላላል። ስለቱ እጅግ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት አካል የለውም፤ ስለዚህ ደረቅ ድንጋይ ላይ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚቃጠለውም ጫፉ ነው።

በቅርቡ አንድ የሥጋ ቤት ቢላዋ ተመልክቼ ነበር። ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ጠባሳ ነበረችበት። በደቃቅ ሞረድ እጀታው አጠገብ ያለውን ስለት ስነካው ሞረዱ ተንሸራቶ አለፈ፤ ጠባሳው ላይ ሳሳርፈው ግን እንደ ቆርቆሮ ነክሶ ፋቀው። ጥሩ የነበረ ቢላዋ እንዲህ ሆኖ ማየት ያሳዝናል። በተለመደው የካርቦን ብረት ላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም ሲታይ ሙቀቱ 220 ዲግሪ አካባቢ፣ ሰማያዊ ሲታይ ደግሞ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ዝገት በማይዘው ብረት ላይ እነዚህ ቀለሞች የሚወጡት ከዚህም በላይ ሲግል ስለሆነ፣ ቀለም አላየሁም ብሎ ብረቱ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ማሽኑ ስንመለስ፣ ሻጮች በመጀመሪያ የሚነግርዎ የሞተሩን ጉልበት ቢሆንም እርስዎ አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎ ፍጥነቱን ነው። ቢላዋ ለመሳል 250 ዋት ገደማ ይበቃል። በአገራችን 220 ቮልትና 50 ሄርዝ መስመር ላይ ከሚሠሩት የተለመዱ ሞተሮች አንዱ ዓይነት በደቂቃ 2800 ጊዜ፣ ሌላው 1400 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ቁጥሩም ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ወረቀቱን የሚያዞረው ጎማ በመሐሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሞተር በደቂቃ 880 ሜትር ያህል ወረቀት በስለቱ ላይ ያሳልፋል፤ ሁለተኛው ግማሹን፣ 440 ሜትር ያህል። ለእንጨት ፈጣኑ ይመረጣል። ለቢላዋ ግን ያለማመንታት ዘገምተኛውን፣ አቅምዎ ከፈቀደ ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስና መጨመር የሚቻለውን ይግዙ። ፈጣኑን ገዝተው ከሆነ የሚያዞረውን ጎማ በአነስተኛ ጎማ ማስለወጥ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

እንጨት ቤቶች ውስጥ የሚታየው፣ ወረቀቱ 100 በ915 ሚሊ ሜትር የሆነው ማሽን ለእርስዎ ሥራ አይመችም። ሰፊና ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት የተደገፈ በመሆኑ እጀታው እየጋረደ ለእጀታው የቀረበውን ስለት በትክክል ለመሳል ያስቸግራል። ወረቀቱ ቁልቁል የሚሮጥበት፣ ስፋቱ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከድጋፉ በላይ ወይም በታች ወረቀቱ ያለ ድጋፍ ላላ ብሎ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ያለው ማሽን ይፈልጉ። 25 በ762 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹና ርካሹ ነው፤ ቢላዋ ሠሪዎች በብዛት የሚይዙት 50 በ1830 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ወረቀቱ በረዘመ ቁጥር አንዱ ቦታ ዳግመኛ ስለቱን እስኪነካ ድረስ የመቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል። የላላው ክፍል በቢላዋው ቅርጽ ልክ ጎበጥ ስለሚል ለስለቱ ትንሽ ወፈር ያለ፣ አጥንት ቢነካ ቶሎ የማይሰበር ትከሻ ይሰጠዋል፤ ለሥጋ ቤት የምመርጠውም ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቀለሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። ቡናማው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ሰማያዊው ዚርኮኒያ፣ ብርቱካናማው ወይም ቀዩ ሴራሚክ ነው። በዋጋቸው የሚወደዱት ሁለቱ ብዙ ብረት ለሚያነሣ ከባድ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቅንጣታቸው በኃይል ሲጫኑት እየተሰነጠቀ አዲስ ስል ጠርዝ ያወጣል። ቢላዋ የሚሳል ሰው ግን በኃይል አይጫንም፤ ያን ጊዜ ቅንጣቱ ሳይሰነጠቅ ልሙጥ ሆኖ ይቀርና ብረቱን ከመብላት ይልቅ እያሻሸ ያግለዋል። ለእርስዎ ሥራ ርካሹ ቡናማ ይበልጣል። ከቁጥሩ አጠገብ ጄ የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት ጨርቅ ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ እሱን ይምረጡ፤ ኤክስ የተጻፈበት ደረቅ ነው። መጋጠሚያውንም በጣትዎ ይዳብሱት፤ ጉብ ያለ ከሆነ በዞረ ቁጥር ስለቱን ይመታል።

የወረቀቱ ቁጥር ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ የ120 ቁጥር ቅንጣት 125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የ400 ቁጥር 35 ማይክሮን ያህል ነው። ቢላዋዎችዎ እየጠበቡ ያለቁት ሁልጊዜ በሻካራ ስለሚሳሉ ይመስለኛል። 120 ቁጥርን ስለቱ ለተሸረፈ ቢላዋ ብቻ ያስቀምጡት። ለደነዘዘው በ240 ጀምረው በ400 ይጨርሱ፤ ከዚያም ብረት ለመወልወል የሚሆን አረንጓዴ ማለስለሻ (ሳሙና የሚመስል፣ ግን ለማጠቢያ ያልሆነ) የተቀባ የቆዳ ቺንጋ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ያሳልፉት። ለሥጋ ከዚህ የበለጠ ማለስለስ አያስፈልግም፤ በ400 የተሳለ ስለት ላይ የሚቀሩት ደቃቅ ጥርሶች ጥሬ ሥጋን ሳይንሸራተቱ ይይዙታል። ወረቀቱ መብላቱን ሲያቆም ሳይሳሱ ይጣሉት፤ ሰው ወደ ኃይል የሚገባውና ቢላዋውን የሚያቃጥለው ባለቀ ወረቀት ሲሠራ ነው።

ሲስሉ ስለቱ ወደታች፣ ወረቀቱ ወደሚሮጥበት አቅጣጫ ይሁን፤ ወደላይ ከሆነ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፣ ቢላዋውንም ከእጅዎ ሊነጥቅ ይችላል። የሥጋ ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ጥሩ ነው፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቢላዋ ይህ ማለት ጀርባው ከወረቀቱ 1.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ከእጀታው ወደ ጫፉ ሳያቋርጡ ይሳቡት፤ ጫፉ ወረቀቱን አልፎ ከመውጣቱ በፊት ያንሡት፣ አለዚያ ይዶለዱማል። ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ አጠገብዎ ካለ የውሃ ሳህን ውስጥ ይንከሩት። ጣትዎ መሞቁን ከተሰማው ስለቱ ከዚያ ቀድሞ ግሏል። በተቃራኒው ጎን በሙሉ ርዝመቱ ፀጉር የመሰለ የብረት ክር ብቅ ሲል ወደ ሌላው ጎን ይዙሩ፤ የመጨረሻውን ክር የሚያነሣው ቆዳው ነው።

ማሽኑን ሥጋ ከሚቆረጥበት ክፍል ያርቁት፤ የብረቱና የወረቀቱ ብናኝ ሥጋ ላይ ማረፍ የለበትም፣ የተሳለውም ቢላዋ ሳይታጠብ ወደ ሥራ አይመለስ። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ጓንት አያድርጉ፣ የተንጠለጠለ ልብስም አይልበሱ። የእሳት ፍንጣሪ ስለሚወጣ የእንጨት ብናኝ ያለበት ቦታ ላይ መሥራት አደጋ አለው። ደግሞም 30ውን ቢላዋ በየሳምንቱ ማሽን ላይ ማውጣት አይኖርብዎትም። በየዕለቱ በብረት ዘንግ ቢያስተካክሏቸው፣ ማሽኑን የሚፈልጉት በዘንጉ አልመለስ ያሉት ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ምግብ ቤት ላለው ወንድሜ እንዲህ ያለ ማሽን ከዚህ ልልክለት አስቤ ነበር። በትራንስፎርመር ቢሠራበት ችግር አለው?

መልስ፦ ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርዳል፤ የአሜሪካውን 60 ሄርዝ ግን አይሰጥም። ካርቦን (ወደሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ጥቁር ቁራጭ) የሌለው ሞተር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። መዝገሙ ለቢላዋ ባይጎዳም፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ስለሚሞቅ ዕድሜው ያጥራል። ባለ ካርቦኑ ሞተር ሄርዝ ባይቸግረውም ብዙውን ጊዜ ፈጣን ነው። ወንድምዎ ማሽኑን እዚሁ ገዝቶ፣ እርስዎ ወረቀቱን ቢልኩለት ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ጄ የተጻፈበትን 240ና 400 ቁጥርም እንደ ልብ ያገኛሉ። አስቀድሞ የማሽኑን ልክ በሚሊ ሜትር ይላክልዎ፤ እዚያ 1 በ30 ኢንች የሚባለው 25 በ762 ነው። ሙጫው በጊዜ ብዛት ስለሚለቅ ከአንድ ዓመት ፍጆታ በላይ አይላኩ፤ እሱም ወረቀቱን ሚስማር ላይ ሳይሆን ወፍራም ቱቦ ላይ፣ እርጥበት በሌለበት ክፍል ይስቀለው።