አዛውንቶቻችን ለምን ይወድቃሉ? ጥያቄና መልስ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የእድራችን አባላት ስለ ወላጆቻቸው መንገዳገድና መጉበጥ የጠየቁኝን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰው ሲወድቅ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ተፈልጎ ይገኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የለም። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ከወደቁ ወዲህ ከቤት እንዳይወጡ ከልክያቸዋለሁ። ጥሩ አደረግሁ?

ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ክልከላው ግን ለሌላ ውድቀት ያዘጋጃቸዋል። ዓይን፣ የውስጠኛው ጆሮና ውስጥ እግር ስለ አቋማችን ለአንጎል ይነግሩታል፤ ሰውነትን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ግን ጭንና ባት ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች ካልሠሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመነምናሉ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እንዳሳየው፣ በቤታቸው የሚኖሩ አዛውንቶች የሰውነት እንቅስቃሴ ሲሠሩ የመውደቃቸው መጠን በ23 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊና በእጃቸው ሳይገፉ ተነስተው ይቀመጡ፤ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ካቃታቸው መጀመሪያ በእጃቸው ይደገፉ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ይዘው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ፊት አስጠግተው ይቁሙ፤ እጃቸውን ለቀው 10 ሰከንድ መቆም ካልቻሉ የመውደቅ ስጋታቸው ከፍ ያለ ነው። አንቺ አጠገባቸው ሁኚ። ደረጃውንም ብረቱን ይዘው ይውጡ ይውረዱ፤ ሲወርዱ አንቺ አንድ ደረጃ ቀድመሽ ከፊታቸው ሁኚ። በጭቃ ቀን ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይፈለግላቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሌሊት ለጸሎት ሲነሱ ጭልም ይልባቸዋል። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ይጾማሉም።

ሲቆሙ ግፊታቸው እየወረደ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ወስደህ ተኝተው፣ ከዚያም ከቆሙ በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግሩ እሱ ነው። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ መጠኑን ወይም ሰዓቱን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህንንም ንገሩት፣ እሱም ይጥላል። ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። በጾም ቀን ውሃ ሳይጠጡ መዋል ነገሩን ያብሰዋል፤ ሐኪሙ ያለውን ይዘው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ በቀኝ ስገላበጥ ቤቱ ይሽከረከርብኛል፣ ወዲያው ይተወኛል። ደም ማነስ ነው አሉኝ።

እንደ ነገሩኝ ከሆነ ጆሮዎ ይመስለኛል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች ከቦታቸው ሲለቁ፣ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ኃይለኛ ማዞር ያመጣሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ባለሙያ ጭንቅላትዎን በቅደም ተከተል እያዞረ ጠጠሮቹን ይመልሳቸዋል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻለዋል። ያለ መድኃኒት የሚድን ሕመም ለዓመታት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ማየት ያሳዝነኛል። ከማዞሩ ጋር አንደበት መተሳሰር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ እየጎበጡ ነው፤ ቀሚሳቸውም ረዘመባቸው። «ቀጥ ይበሉ» ብላቸው አይሰሙኝም።

አለመስማት ላይሆን ይችላል። አጥንት ሲሳሳ የጀርባ አከርካሪ ያለ ውድቀት፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሕመም ይሰበራል። ከወጣትነት ቁመታቸው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ካጠሩ ራጅ ይነሱ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጎንበስ ብለው ጀሪካን ማንሳት ይቅርባቸው፤ ለእንዲህ ያለ ጀርባ ከዚህ የባሰ ነገር አላውቅም። ጀርባን የሚያጠነክር ልምምድ ባለሙያ ያሳያቸዋል። አረማመዳቸው አጭርና ተጎታች ከሆነ፣ አንድ እጃቸው ሲራመዱ የማይወዛወዝ ወይም በእረፍት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ ከዘራ በየትኛው እጅ ይያዛል?

ከታመመው እግር በተቃራኒ። እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል ቁመቱ የእጅ አንጓን ይድረስ፤ ጫፉ ጎማ ይኑረው። መቋሚያ ለቅዳሴ መልካም ነው፤ ለመንገድ ግን ይረዝማል።

ጥያቄ፦ አያቴ ቢወድቁ ወጌሻ ይሻላል?

መቆም ካቃታቸው፣ ወይም አንድ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ነው ብለህ አስብ። አይታሹ፣ አይጎተቱ፤ እግራቸውን ሳታንቀሳቅስ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በፍጥነት አድርሳቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰዱ ጭንቅላታቸው ከተመታም፣ ደህና ቢመስሉህ እንኳ በዚያው ቀን ይታዩ።