እንጥሏ ያልነበረው ልጅ፦ ወደ ጤና ጣቢያ ለምትመደቡ ወጣቶች

በነርስነት ተመርቃ ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የተመደበች የእህቴ ልጅ ልትሰናበተኝ መጥታ፣ «እቴቴ፣ ለጉንፋንና ለጉሮሮ ሕመም በነፃ ሊታከም የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ ለከባዱ በሽተኛ ጊዜ እንዲተርፍ ቶሎ የሚሸኝበት ዘዴ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ክፋት የለበትም፤ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔንም የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዕለት መልስ አልወጣኝም። አሁን ለእሷም፣ እንደ እሷ ለተመደባችሁትም እጽፋለሁ።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወሎ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዕለቱ የክትባት ቀን ነበር። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን ከተጀመረ ገና ዓሥር ዓመት ስላልሞላው፣ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያመጡ ለማሳመን ብዙ ደክመን ነበር፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ዕለት ካላለቀ ይደፋል። ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ሳይቀልጥ ለመጨረስ እኔና አንድ ድሬሰር (ረዳት የጤና ሠራተኛ) እንጣደፋለን። ስቴሪላይዘሩ ቡታጋዝ ላይ ይንተከተካል፤ የመስታወት መርፌዎቹን በየተራ እየቀቀልን እንጠቀም ነበርና፣ ዛሬም እንፋሎት ሲሸተኝ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል።

አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከገበሬ ማኅበሩ የተጻፈላትን የነፃ ሕክምና ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ነው የመጡት። «ጉሮሮዋን አሟት አላስተኛ ብሏታል። ጎረቤት እንጥሏ ወርዷልና ይቆረጥ አለኝ፤ እኔ ግን ምላጩን ፈርቼ ወደ እናንተ አመጣኋት» አለችኝ። እኔም ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ውሃ ትውጥ እንደሆነ ጠየቅሁና ትውጣለች ስትለኝ፣ ጥቂት አስፕሪን ቆጥሬ ሰጠኋት፤ በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ አልኳት። የልጅቷን አፍ አላስከፈትኩም፤ ግንባሯንም አልዳሰስኩም። እናትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልሞላውም።

በአራተኛው ሳምንት ገደማ አባቷ አዝሏት መጣ። ጉልበቷ አብጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ እንደነበርና ቁርጥማት ይሆናል ብለው እንደጠበቁ ነገረኝ። በማዳመጫው ልቧን ሳዳምጥ ሊኖር የማይገባው የሹክታ ድምፅ ሰማሁ። በዚያን ጊዜ ነው ምላሷን ተጭኜ ጉሮሮዋን ያየሁት። እንጥሏ አልነበረም። እኛ ዘንድ መፍትሔ ስታጣ፣ እናቷ የሸሸችው ምላጭ ዘንድ ወስዳት ነበር።

ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የገዛ ሰውነት መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ሊያጠቃ እንደሚችል፣ የመገጣጠሚያው እብጠት ሲድን የልብ ቫልቭ ግን ተበላሽቶ ሊቀር እንደሚችል ትምህርት ቤት ተምሬ ፈተናውንም አልፌበታለሁ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይህን እንደሚከላከልም አውቅ ነበር። ለእሷ ክብደት 600 ሺህ ዩኒት ይበቃ ነበር። መድኃኒቱ ከወንበሬ ጀርባ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ላክኋት፤ በየአራት ሳምንቱ ያንኑ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወስድ ታዝዞላት ተመለሰች። እስክዛወር ድረስ ለሁለት ዓመት ያህል የወጋኋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ መርፌውን ይደፍነዋል፤ አንዳንዴ ሁለቴ መውጋት ግድ ይል ነበር፤ አንድም ቀን አልጮኸችም። በመጣች ቁጥር ግን ሳልጠይቃት አፏን ትከፍትልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ጉሮሮዬን ያለኝን ልጅ ሁሉ ፔኒሲሊን ወጋሁ። ይህም ስሕተት ነበር። ሳልና ንፍጥ ያለበት የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ስለሆነ መርፌ አያሻውም፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላልና ለዚያ ድንገተኛ አደጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ ሳይዘጋጅ መውጋት ድፍረት ነው። ስሕተት ነበር እያልኩም ስለ አንዱም አይቆጨኝም፤ ይህን ለማስታረቅ አልቻልኩም።

እናንተ ከእኛ ይበልጥ ተምራችኋል። ነገር ግን በሽተኛው እየተናገረ ስልካችሁን የምታዩ ብዙዎች ናችሁ፤ ይህን በየጤና ጣቢያው አይቼ አዝኛለሁ። «በነፃ» የሚለው ቃልም አያታልላችሁ። በእኛ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ወረቀት ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ ዛሬ ተስፋፍቷል። ያች እናት ግን ገንዘብ ባትከፍልም ደርሶ መልስ የስድስት ሰዓት መንገድ ሄዳለች፤ የጎረቤቶቿንም ምክር እምቢ ብላ ነው የመጣችው።

ለእህቴ ልጅ መልሴ ይህ ነው፦ በክትባት ቀን እኔም ዛሬ ብሆን እጣደፋለሁ፤ ሰማንያ ሰው እየጠበቀ ረጋ በይ አልልሽም። ሆኖም ጉሮሮ ማየት ግማሽ ደቂቃ ነው። ትኩሳት አለ? ሳል የለም? ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል? ከመንጋጋው ሥር ያለው ዕጢ ሲነካ ያማል? በመጀመሪያው ቀን የምላስ መጫኛውና የእጅ ባትሪው የት እንደተቀመጡ ጠይቂ፤ መጫኛ ከሌለ የተቀቀለ ማንኪያ እጀታው ይበቃል።